ጃፓንኛ ትምህርት ስታቋርጡ አንኪን ከስልካችሁ አታጥፉት

የቋንቋ አፖች ሁልጊዜ የሚገመገሙት በሚማር ሰው ዓይን ነው። በወር ስንት ቃል ያስይዛል፣ አሰልቺ ነው ወይስ አይደለም፣ ዋጋው ስንት ነው። እኔ ማወቅ የምፈልገው ሌላ ነገር ነው። ክላስ ያቆመ ሰው፣ ሥራ የበዛበት፣ ልጅ የወለደ፣ ወይም እንደኔ ከጃፓን ተመልሶ አዲስ አበባ ኑሮውን የቀጠለ ሰው የተማረውን ይዞ እንዲቆይ የሚረዳው የትኛው ነው? ጃፓንኛን እዚያው ኖሬ ነው የተማርኩት። አሁን መደበኛ ጥናት የለኝም፣ በቅርቡም የሚኖረኝ አይመስለኝም። ቋንቋውን ግን እወደዋለሁ። ብዙ ነገር ከፍቶልኛል፣ ብዙ ሰው አገናኝቶኛል፤ ዝም ብሎ እንዲጠፋብኝ አልፈልግም። ስለዚህ የተለያዩ አፖችን ሞክሬ በመጨረሻ አብሮኝ የቀረው አንኪ ነው። ለምን እንደሆነ፣ የት የት ላይ እንደማይረባም እነግራችኋለሁ።

ለማያውቀው ባጭሩ። አንኪ የካርድ ፕሮግራም ነው፤ በካርዱ ፊት ጥያቄ፣ በጀርባው መልስ። መልሱን ካያችሁ በኋላ ከአራት ቁልፎች አንዱን ትጫናላችሁ፤ አጌን፣ ሃርድ፣ ጉድ፣ ኢዚ። ያስታወሳችሁት ካርድ ከጥቂት ቀናት በኋላ ይመለሳል፣ እንደገና ካስታወሳችሁት ከሳምንታት በኋላ፣ ከዚያ ከወራት በኋላ እያለ ይርቃል። የረሳችሁት ቶሎ ይመጣል። በቃ ይኸው ነው። ዴሚያን ኤልምስ እ.ኤ.አ. በ2006 ያወጣው፣ ኮዱ ለሁሉም ክፍት የሆነ ፕሮግራም ነው። ኮምፒውተር ላይ ነፃ ነው። አንድሮይድ ላይ አንኪድሮይድ በሚል ስም በጎ ፈቃደኞች ያዘጋጁታል፤ እሱም ነፃ ነው፣ ማስታወቂያም የለውም። አይፎን ላይ ግን 25 ዶላር ገደማ ይጠይቃል፣ አንዴ ተከፍሎ የሚያልቅ። አዲስ አበባ ተቀምጦ በዶላር መክፈል ለብዙዎቻችን ራስ ምታት ነው፣ ውጭ ያለ ዘመድ ካላስቸገራችሁ በቀር። አንድሮይድ የያዘ ሰው ከዚህ ሁሉ ነፃ ነው። አይፎን ይዛችሁ መክፈል ካልቻላችሁም አንኪዌብ በሚባለው ድረ ገጽ በኩል በነፃ መከለስ ይቻላል፤ ኢንተርኔት ግን ይፈልጋል። አንኪድሮይድ አይፈልግም። ኔትወርክ ሲጠፋም፣ ዳታ ሲያልቅም፣ መብራት ሄዶ ዋይፋይ ሲቋረጥም ካርዶቹ ስልካችሁ ውስጥ ናቸው። ታክሲ ሰልፍ ላይ ቆሜ የከለስኩት ጃፓንኛ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጬ ከከለስኩት አያንስም።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ። አንድን አፕ ለዕረፍት ጊዜ የምመዝነው በአንድ ጥያቄ ነው፤ ጠፍቼ ስመለስ ምን ይጠብቀኛል? ዱኦሊንጎ በተከታታይ በገባችሁባቸው ቀናት ቆጠራ ይይዛችኋል። ያ ለጀማሪ ጥሩ ነው፣ ልማድ ያስይዛል። መካከለኛ ደረጃ ለደረሰ ሰው ግን ቆጠራውን ላለማጣት ሲባል ቀላል ነገር ደጋግሞ መንካት ይሆናል። እኔ ብዙም አልቆየሁበትም።

ዋኒካኒ ከዚህ በጣም የተሻለ ነው፣ አክብሮትም አለኝ። የካንጂ፣ ማለትም ከቻይና የመጡት የጃፓንኛ ጽሕፈት ምልክቶች፣ ማስተማሪያ አገልግሎት ነው፤ በ60 ደረጃ ተከፋፍሎ 2,000 ገደማ ካንጂና ከ6,000 በላይ ቃላት ያስተምራል። የመጀመሪያዎቹ ሦስት ደረጃዎች ነፃ ናቸው፣ ከዚያ በኋላ በወር 9 ዶላር። ቬኬሽን ሞድ የሚል አማራጭ አለው፤ ስታበሩት ክለሳው ሁሉ ባለበት ይቆማል፣ ስታጠፉት ካቆመበት ይቀጥላል። ነገ ሊመጣ የነበረ ካርድ ከሦስት ወር በኋላ ስትመለሱም ‘ነገ’ ላይ ነው። ውዝፍ የለም፣ ድንጋጤ የለም። ለሁለት ሳምንት ጉዞ ወይም ለሕመም ጊዜ ከዚህ የተሻለ ነገር አላየሁም። ችግሩ ዕረፍቱ ሲረዝም ነው። አፑ ቆሟል፣ የናንተ መርሳት ግን አልቆመም። ከስድስት ወር በኋላ ስትመለሱ ሰዓቱ ትናንት እንደተለያያችሁ አድርጎ ይቀበላችኋል፤ የትኛው ቃል እንደጸና፣ የትኛው እንደጠፋ ከመጥፋታችሁ ምንም አልተማረም።

አንኪ ላይ ሰዓቱ አይቆምም። በጠፋችሁበት ጊዜ ሁሉ ካርዱ እየተጠራቀመ ይሄዳል፤ ተመልሳችሁ ስትከፍቱት በመቶዎች፣ አንዳንዴም በሺዎች የሚቆጠር ውዝፍ ይጠብቃችኋል። ብዙ ሰው እዚህ ጋ ነው አፑን የሚያጠፋው። ቁጥሩን ሲያይ ሁሉም ነገር የጠፋ ይመስለዋል። ግን እስቲ ውስጡን እንየው። አንድ ካርድ ቀጠሮው ከሁለት ወር በኋላ ነበር እንበል፤ እናንተ ግን ጠፍታችሁ በስድስተኛው ወር ተጠየቃችሁ፣ አስታወሳችሁትም። አንኪ ይህን ሰው ቃሉን ስድስት ወር ሙሉ ሳያየው ይዞ እንደቆየ አድርጎ ይቆጥርለታል፣ ቀጣዩንም ቀጠሮ በዚያው ልክ ያርቀዋል። ማለትም የጠፋችሁበት ጊዜ ራሱ መረጃ ሆነ። የጸናው ቃል በአንድ ንክኪ ወደ ሩቅ ይሄዳል፣ የጠፋው ብቻ እጃችሁ ላይ ይቀራል። ውዝፉ ሺህ ቢሆንም ሥራው የሺህ ካርድ ሥራ አይደለም። አንኪን ለዕረፍት ጊዜ ከሁሉም የምመርጠው በዚህ ምክንያት ነው፤ ሌላው ሁሉ ከዚህ በኋላ ይመጣል።

ይህ ደግሞ ስለ መርሳት ከሚታወቀው ነገር ጋር ይገጥማል። ሄርማን ኤቢንግሃውስ የተባለው ጀርመናዊ እ.ኤ.አ. በ1885 ባሳተመው ጥናቱ ትርጉም የለሽ ፊደላትን በራሱ ላይ እየሞከረ ያገኘው አንድ ነገር መርሳት መጀመሪያ ላይ ፈጣን፣ ቆይቶ ግን ዝግ ያለ መሆኑን ነው። ሌላው ያገኘው ነገር ብዙ ጊዜ አይወራለትም፤ የተረሳ የመሰለ ነገር እንደገና ሲጠና መጀመሪያ ከፈጀው ጊዜ ያነሰ ይፈጃል። አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ተመራማሪ ሃሪ ባህሪክ እ.ኤ.አ. በ1984 ባወጣው ጥናት ደግሞ ትምህርት ቤት ስፓኒሽ የተማሩ 733 ሰዎችን ፈትኗል፤ አንዳንዶቹ ከተማሩ 50 ዓመት ያለፋቸው ነበሩ። እውቀቱ በመጀመሪያዎቹ ከሦስት እስከ ስድስት ዓመታት ውስጥ ይቀንሳል፣ ከዚያ በኋላ የተረፈው ሠላሳ ዓመት ያህል ሳይነቃነቅ ይቆያል። መጀመሪያ በደንብ የተማሩት ደግሞ የበለጠ ተርፎላቸዋል። ስፓኒሽ ካንጂ የለውም፣ ስለዚህ ቁጥሩን እንዳለ ወደ ጃፓንኛ አልወስደውም። ለኔ የሚነግረኝ ግን ግልጽ ነው፤ ትንሽ ጥረት ከፍተኛ ዋጋ ያለው ካቆማችሁ በኋላ ባሉት የመጀመሪያ ዓመታት ነው።

እንግዲህ ማስተካከያው። አንኪ እንደወረደ ሲመጣ ለሚማር ሰው ነው የተዘጋጀው፤ በቀን 20 አዲስ ካርድ ያመጣል፣ እስከ 200 ክለሳ ይፈቅዳል። ዕረፍት ላይ ላለ ሰው ይህ ቅጣት ነው። መጀመሪያ አዲሱን ካርድ ዜሮ አድርጉት። ዜሮ! ‘አንድ ሁለት ብቻ’ አይሠራም፣ ዛሬ የገባ አዲስ ካርድ ለሳምንታት ተመላልሶ የሚመጣ ሥራ ነው። ቀጥሎ ኤፍኤስአርኤስ የሚባለውን አማራጭ አብሩት፤ እ.ኤ.አ. ከ2023 መጨረሻ ጀምሮ አንኪ ውስጥ የገባ አዲሱ የቀጠሮ ስሌት ነው፣ የናንተን የክለሳ ታሪክ አይቶ ቀጠሮ ይሰጣል። እዚያው ሥር ‘ዲዛየርድ ሪቴንሽን’ የሚል ቁጥር አለ። ካርዱ ሲመጣ የማስታወስ ዕድላችሁ ስንት እንዲሆን ትፈልጋላችሁ ማለቱ ነው። 90 በመቶ ላይ ተቀምጦ ታገኙታላችሁ። ወደ 80 ወይም 85 አውርዱት። ትንሽ ይበልጥ ትረሳላችሁ፣ የዕለቱ ካርድ ግን በግልጽ ይቀንሳል፤ ለፈተና ለማይዘጋጅ ሰው ጥሩ ልውውጥ ነው። ውዝፍ ካለባችሁ ደግሞ የቀኑን ክለሳ ሠላሳ አርባ ላይ ወስኑና የአመጣጡን ቅደም ተከተል ‘ዲሴንዲንግ ሪትሪቫቢሊቲ’ በሉት፤ ገና ያልጠፉት ካርዶች ቀድመው ይመጣሉ፣ ሳይጠፉ ትደርሱባቸዋላችሁ። ፈጽሞ የጠፉት ይቆዩ፣ የትም አይሄዱም።

ስለ ቁልፎቹ አንድ ነገር። ካርዱን ረስታችሁት ‘ሃርድ’ አትጫኑ። ሃርድ ማለት ከብዶኝ አስታውሼዋለሁ ማለት ነው፣ አንኪ እንደ ትክክለኛ መልስ ነው የሚወስደው። ከዕረፍት የተመለሰ ሰው አጌን መጫን ይከብደዋል፣ ሽንፈት ይመስለዋል። ግን ያልያዛችሁትን ይዣለሁ ካላችሁት ስሌቱ ሁሉ ይበላሻል።

ጃፓንኛ ላይ ብቻ የሚያጋጥም ችግርም አለ። ካንጂ ያለ ዓረፍተ ነገር ብቻውን ካርድ ላይ ከተቀመጠ ከዕረፍት በኋላ ያምታታል። ‘ማትሱ’ (መጠበቅ) እና ‘ሞትሱ’ (መያዝ) የሚጻፉባቸውን ካንጂዎች እዩ። የቀኝ ጎናቸው አንድ ዓይነት ነው፣ የቤተ መቅደስ ካንጂ። ልዩነቱ ግራ ላይ ነው፤ ሞትሱ ላይ የእጅ ምልክት አለ፣ ማትሱ ላይ የመሄድ ምልክት። በየቀኑ ሳነባቸው በጭራሽ አይምታቱብኝም ነበር። ንባብ ሲቆም መጀመሪያ የሚደበዝዘው እንዲህ ያለው የግራ ጎን ነው። ስለዚህ የካርዱን ፊት ‘ኤኪ ዴ ማትሱ’ (ጣቢያ ላይ መጠበቅ)፣ የሌላውን ‘ካባን ኦ ሞትሱ’ (ቦርሳ መያዝ) አድርጌ ቀየርኳቸው፣ መልሱንም በአማርኛ ጻፍኩ። ፊደላችን አንኪ ላይ ያለ ችግር ይሠራል። በእንግሊዝኛ በኩል ዞሮ ከመሄድ በቀጥታ ከአማርኛ ወደ ጃፓንኛ መሄድ ለኔ ፈጥኖልኛል። ለነገሩ ግሥ መጨረሻ ላይ መምጣቱ ለኛ አዲስ ነገር አይደለም፤ የዓረፍተ ነገሩ አካሄድ ከዕረፍት በኋላም ብዙ የማይጠፋብን አንድም ለዚህ ይመስለኛል።

ሌላ ብዙ ሰው የማያስተውለው ነገር፤ የስልካችሁ ቋንቋ እንግሊዝኛ ወይም አማርኛ ብቻ ከሆነ አንድሮይድ አንዳንድ ካንጂዎችን በቻይና አጻጻፍ ሊያሳያችሁ ይችላል። ‘ናኦሱ’ (ማስተካከል) የሚለው ካንጂ በጃፓን አጻጻፍ ከግራ በኩል ወርዶ ወደ ቀኝ የሚታጠፍ መስመር አለው። በቻይናው ያ መታጠፊያ የለም። ወራት ሙሉ በስልክ ብቻ ለሚከልስ ሰው ይህ ትንሽ ነገር አይደለም፣ ዓይኑ የተሳሳተውን ይለምዳል። መፍትሔው ቀላል ነው፤ ስልኩ ሴቲንግ ውስጥ ገብታችሁ ጃፓንኛን ሁለተኛ ቋንቋ አድርጋችሁ ጨምሩ።

በእጅ መጻፍን በተመለከተ አንኪድሮይድ ኋይትቦርድ የሚባል አማራጭ አለው፣ በጣት ስክሪኑ ላይ ትጽፋላችሁ። እኔ የምጠቀመው ለጥቂት ካንጂዎች ነው፤ ለአድራሻ፣ ለስም፣ ለቀን። በጆዮ ዝርዝር (የጃፓን መንግሥት ለዕለት ተዕለት ጽሕፈት ባወጣው) ውስጥ ያሉት ካንጂዎች 2,136 ናቸው፣ ዕረፍት ላይ ሆኖ ያንን ሁሉ በእጅ ይዞ መቆየት አይታሰብም። ጃፓኖች ራሳቸው ስልክና ኮምፒውተር ከለመዱ ወዲህ ማንበብ የሚችሉትን ካንጂ መጻፍ ይቸገራሉ። ማንበቡን ያዙ፣ መጻፉን ልቀቁት። ይህን በሙሉ ልቤ ነው የምመክረው።

አሁን አንኪ የማይችለው። አያናግራችሁም። እኔ ላይ መጀመሪያ የተዳከመው ቃላት ሳይሆን አፍ ነው። እርሳስ ወይም ጠርሙስ ሲቆጠር ኢፖን፣ ኒሆን፣ ሳምቦን ይባላል፤ ካርድ ላይ አንድም አልስትም፣ ሰው ፊት ግን ምላሴ ይያዛል። የአክብሮት ንግግሩ፣ ኬይጎ የሚሉት፣ ከዚያም ይብሳል፤ ካልተነገረ ይደርቃል። ጆሮም አለ። የሚጠብቅና የሚላላ ድምፅ እኛም ስላለን ‘ኪቴ’ እና ‘ኪት፟ቴ’ አይምታታብንም። አናባቢ ማስረዘም ግን በአማርኛ ቃል አይለይም፤ ስለዚህ ኦባሳን (አክስት) እና ኦባአሳን (አያት) የሚለዩበት ርዝመት ከጆሯችን ቶሎ ይሸሻል። ለዚህ ድምፅ ያለው ካርድ ያስፈልጋል። ካይሺ 1.5ኬ የሚባለው ነፃ ስብስብ 1,500 ገደማ መሠረታዊ ቃላት ከነዓረፍተ ነገራቸውና ከነድምፃቸው ይዟል፤ የራሳችሁን ካርድ ካላዘጋጃችሁ ከእሱ ጀምሩ፣ የምታውቋቸውን ቃላት ብቻ ክፍት ትታችሁ ሌላውን እንዳይመጣ ‘ሰስፔንድ’ አድርጉት።

ለንባብ ታዶኩ የሚባለውን የጃፓን በጎ አድራጎት ድርጅት ድረ ገጽ ጨምሩበት። ለተማሪ በደረጃ የተዘጋጁ፣ ሥዕል ያላቸው አጫጭር ታሪኮች በነፃ ያወርዳል፣ ከደረጃ ዜሮ ጀምሮ። ከራሳችሁ ደረጃ አንድ ዝቅ ብላችሁ አንብቡ። ዕረፍት ላይ ሆናችሁ መዝገበ ቃላት የሚያስገልጥ ነገር ከያዛችሁ ሁለተኛ ገጽ አትደርሱም፤ ቀለል ያለውን ግን ሳይታወቃችሁ ትጨርሱታላችሁ፣ የምታውቋቸው ቃላት በሕይወት ሲንቀሳቀሱ ታያላችሁ። ለአፍ ደግሞ ላይን አለ፣ ጃፓን ውስጥ ሁሉም የሚጠቀምበት የመልእክት አፕ። እኔ ከድሮ አከራዬ ጋር በድምፅ መልእክት እንገናኛለን። እሳቸው ዕድሜያቸው ገፋ ያለ ስለሆነ ቀስ ብለው ነው የሚያወሩት፣ እኔም በአክብሮት መመለስ አለብኝ። ያቺ አጭር የድምፅ መልእክት ለኬይጎዬ ያደረገችውን የትኛውም ካርድ አላደረገም። እንዲህ ያለ ሰው ካላችሁ አትጥፉባቸው፣ ደስ ይላቸዋል።

ለማን ይሆናል? በኤቢኢ ኢኒሼቲቭ (አፍሪካውያን ወጣቶችን ጃፓን ወስዶ ማስተርስ የሚያስተምር ፕሮግራም) ወይም በጃፓን መንግሥት ስኮላርሺፕ ሄዳችሁ ትምህርቱን በእንግሊዝኛ ተምራችሁ፣ ጃፓንኛውን ከሱቅና ከሠፈር ለቃቅማችሁ የተመለሳችሁ፣ ለናንተ ቁጥር አንድ ነው። ካርዱን ከራሳችሁ ሕይወት ሥሩት፤ የባቡር ጣቢያው፣ የክፍለ ከተማው ቢሮ፣ የሱፐርማርኬቱ ቃላት። ለጄኤልፒቲ፣ ለጃፓንኛ ችሎታ ፈተናው፣ ተዘጋጅታችሁ ፈተናው ካለፈ በኋላ ያቆማችሁም እንዲሁ። ፈተናው በፈረንጆቹ ጁላይና ዲሴምበር መጀመሪያ ላይ ነው የሚሰጠው፣ ብዙ አገር ላይ በዓመት አንዴ ብቻ፤ መናገርና መጻፍ ስለማይፈትን አንኪና ትንሽ ንባብ ደረጃችሁን ይዘው ሊያቆዩላችሁ ይችላሉ። ገና ሂራጋና፣ የጃፓንኛ መሠረታዊ ፊደል፣ ያልጨረሰ ሰው ግን አንኪ ውስጥ ባይገባ ይሻለዋል፤ ይዞ የሚቆየው ነገር ገና የለውም፣ መልኩም አይጋብዝም፣ ሴቲንጉ ገና ከበሩ ያባርራል።

ነጥብ ስጥ ካላችሁኝ ለዕረፍት ጊዜ ከአምስት አራት ተኩል እሰጠዋለሁ። ግማሿን የቀነስኩት በሴቲንጉ ብዛትና በአይፎን ዋጋው ነው።

ከመጫናችሁ በፊት ስሙን በደንብ እዩ። አንኪ የሚል ቃል ስማቸው ውስጥ አስገብተው በየወሩ የሚያስከፍሉ ሌሎች አፖች አሉ፣ ከዋናው ጋር ግንኙነት የላቸውም። አንድሮይድ ላይ የምትፈልጉት አንኪድሮይድ ነው፣ አይፎን ላይ አንኪሞባይል። አንኪዌብ ላይ አካውንት ከፍታችሁ ሲንክ አድርጉ፤ ግን ብዙ ወር ካልገባችሁበት መረጃውን ሊያጠፋው ስለሚችል በሱ ብቻ አትተማመኑ። ‘ኤክስፖርት’ ብላችሁ የካርዶቻችሁን ፋይል ቴሌግራም ላይ ለራሳችሁ ላኩት፤ ስልክ ቢጠፋም፣ ቢሰረቅም፣ አዲሱ ላይ አውርዳችሁ ከነቀጠሮው ትቀጥላላችሁ።